ለሜሳ ክንድ ላይ የተነቀሰው ቃል

ማህሌት አቃቂ በሚገኝ የብረት ፋብሪካ አስተርጓሚ ሆና ከተቀጠረች ስድስት ዓመት አለፋት። ሥራዋ ቆሞ መዋል ነው። በቻይና አለቆችና በሠራተኞች መሀል ትቆምና ከወዲያ የመጣውን ወዲህ፣ ከወዲህ የሄደውን ወዲያ ታሻግራለች። ስታሻግር ግን እንዳለ አታሻግርም። ሱን የሚባለው የፈረቃ ኃላፊ «ይሄ ደደብ እጁን ከማሽኑ ያንሳ!» ሲል እሷ «እባክህ እጅህን ራቅ አድርግ፣ እንዳትጎዳ ብሎ ነው» ትላለች። ሠራተኛው «ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ?» ሲል ደግሞ ወደ ሱን ዞራ «እሺ፣ ገብቶኛል ብሏል» ትላለች። ፋብሪካው ውስጥ ሰውና ሰው ሳይደባደብ የሚውለው በእሷ ምላስ ነው የሚሉ አሉ። እሷ ግን ቤቷ ስትገባ ምላሷ እንደ ሰው ዕቃ ይከብዳታል። እናቷ የሚጠይቋትን እንኳ ራሷን በመነቅነቅ ነው የምትመልሰው።

ለሜሳ የሚሠራው የጋለው ብረት እየተሳበ በሚወጣበት መስመር ላይ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ። ከተቀጠረ ስምንት ወሩ ሲሆን በእነዚያ ስምንት ወራት አንድ ቀን አልቀረም፣ ከማንም ጋር ክፉ ቃል አልተነጋገረም። አንድ ሰኞ ጠዋት የቱታውን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ መጣ። ክንዱ ላይ በቫዝሊን የሚያብለጨልጩ፣ ዙሪያቸው ገና ያበጠ ሁለት ትልልቅ የቻይና ፊደላት ተነቅሰውበታል።

መጀመሪያ ያየው ሱን ነው። ቀረብ ብሎ አነበበ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ለሜሳን አየው፣ እንደገና አነበበ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁለት ጓደኞቹን ጠራና እነሱም ሳቁ። «ሚየንፌይ! ሚየንፌይ!» እያለ የለሜሳን ትከሻ ይመታዋል። ለሜሳም ደስ ያላቸው መስሎት ጥርሱን ፈገግ አደረገ። ማህሌት አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ አለቃ ሲስቅ አብሮ ፈገግ ማለት ልማድ ሆኖባት እሷም ፈገግ አለች።

ቻይናዎቹ ሲሄዱ ለሜሳ ወደ እሷ መጣ።

«ማህሌት፣ ምን አሉ? ወደዱት?»

ክንዱን አየችው። ፊደሉ ደህና ተደርጎ ነው የተጻፈው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ የጠገበ ነው።

«ነፃ ነው የሚለው» አለችው።

«አዎ፣ ነፃ ብዬ ነው ያስጻፍኩት» አለ። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየችውን ብርሃን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም።

ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ያስቸገራትም ይኸው ነው። በእኛ ቋንቋ ነፃ አንድ ቃል ሆኖ ብዙ ሸክም ይሸከማል። ከእስር የወጣ ነፃ ነው። ፍርድ ቤት ጥፋት የለብህም ያለው ነፃ ነው። ሁለት ሳሙና ለገዛ የሚመረቅለት ሦስተኛው ሳሙናም ነፃ ነው። ቻይናዎች ለእያንዳንዱ ለየብቻው ቃል አላቸው። ለሜሳ ክንድ ላይ ያለው የሳሙናው ነው። ሚየንፌይ፦ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ምርቃት፣ በዜሮ።

ነገ እነግረዋለሁ አለች በልቧ። በማግስቱ ቁስሉ እስኪድን ልተወው አለች። ቁስሉም ዳነ፤ ለሜሳም እጅጌውን እንደጠቀለለ ነበር።

ስሙ ሚየንፌይ ሆኖ ቀረ። ቻይናዎቹ ሲጠሩት «አቤት» ይላል። አንድ ቀን ከማታው ፈረቃ ሰው ጎደለና ሱን «ሚየንፌይን አስቀሩት፤ ያለ ክፍያ ነኝ ብሎ ክንዱ ላይ አስጽፎ የለ!» ብሎ ሳቀ። ማህሌት ወደ ለሜሳ ሄዳ «ዛሬ ትንሽ ብትቆይልን ብለዋል» አለችው። ለሜሳ «ችግር የለም» ብሎ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። እሷ ያን ቀን ከፋብሪካው በር እስከ ዋናው መንገድ ባጃጅ ሳትይዝ በእግሯ ነው የሄደችው። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

ቤቷ ሳሪስ አቦ ነው፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ብዙወርቅ ጋር። ስትገባ እናቷ እንደ ልማዳቸው ለብ ያለ ውኃ በጨው አቀረቡላት። እግሯን ነክራ ተቀመጠችና የእናቷን አንገት ስታይ ቆየች። ወይዘሮ ብዙወርቅ አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላቸው፤ ዕድሜ አደብዝዞት ወደ አረንጓዴ ሄዷል።

«እማዬ፣ አንገትሽ ላይ ያለው ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ይኖረዋል? ጌጥ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ሁለት ሴቶች እጄን ይዘው ወቀሩኝ፣ ሳምንት ሙሉ አንገቴን ማዞር አቅቶኝ ነበር። ምነው ዛሬ ትዝ አለሽ?»

ነገረቻቸው። ሱን እንዴት እንደሳቀ፣ ለሜሳ እንዴት ደስ እንዳለው፣ እሷ ምን እንዳለች ሳታስቀር ነገረቻቸው። እናቷ ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው አኖሩ።

«ሰው ፊቱ ላይ ጥላሸት ይዞ ገበያ ሲሄድ ብታዪ ዝም ትያለሽ?» አሉ።

«ጥላሸት ይታጠባል እማዬ። ይሄ አይታጠብም።»

«እንግዲያው የባሰ ነዋ! የሚለቅ ቢሆንማ አንድ ቀን ይለቃል ብለሽ ዝም ብትዪም ባልከፋ።»

«ስነግረው ምን ያደርጋል? ቆዳውን ገፎ አይጥለው።»

«እሱን እሱ ያስብበት። ገላው የሱ ነው።»

ማህሌት እግሯን ከውኃው አውጥታ ሳታደርቅ ተኛች።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ንቃሹን ልታየው ሄደች። ለሜሳ የት እንዳሠራው ለሁሉም ሲናገር ሰምታለች፤ ከቤቷ አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። ከአንድ ፀጉር ቤት በስተጀርባ መጋረጃ የተጋረደባት ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤቱ አብርሽ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ራሱ እስከ አንገቱ የተነቀሰ ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ የሠራቸውን ሰዎች ፎቶ ለጥፏል። አንበሳ አለ፣ መስቀል አለ፣ የእናቶች ስም አለ። መሀል ላይ ትልቅ ተደርጎ የለሜሳ ክንድ ተሰቅሏል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለችው።

«ከስልክ። ሰውየው ነፃ በቻይንኛ ጻፍልኝ አለኝ፣ ስልኩ ላይ ነፃ ብዬ ጻፍኩ፣ አወጣልኝ። አሪፍ አልወጣም? ከእሱ በኋላ ሁለት ሰው እንደዚሁ ሥራልኝ ብሎኝ ሠርቻለሁ።» ከዚያ ጠርጠር አደረገ። «ምነው? ቻይንኛ አይደለም እንዴ?»

«ቻይንኛስ ነው።»

አስረዳችው። የሳሙናውን ምሳሌ ስትነግረው አብርሽ እጁን አፉ ላይ ጫነ። የሁለቱን ሰዎች ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ አሳያት። አንደኛው እንደ ለሜሳ ነው። ሁለተኛውን ስታይ አስጠግታ ተመለከተች።

«እዚህ ጋ ነጥብ ጨምረሃል።»

«እሷ ለማሳመር ናት። ጎኑ ባዶ ሲመስለኝ ጣል አደረግኩባት።»

«ጥንቸል ሆኗል።»

«ምን?»

«ይሄ ፊደል ነጥብ ሲጨመርበት ጥንቸል ነው የሚሆነው። አሁን የጥንቸል ክፍያ ነው የሚለው።»

አብርሽ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ሰውየው'ኮ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሞያሌ ሄዷል» አለ፤ ሞያሌ መሄዱ ነገሩን የሚያባብሰው ይመስል።

«ስልኩ አለህ?»

«አለኝ።»

«ደውልለት።»

«ምን ልበለው እህቴ? ጥንቸል ነህ ልበለው?»

ማህሌት ሳቋ መጣ፤ ግን ድካሟ ቀድሞ ስለነበረ ሳቁ ከደረቷ አልወጣም። አብርሽ ግን ሰው መጉዳቱ ከልቡ አሳዝኖት ነበር፤ ዓይኑን ከለሜሳ ፎቶ ላይ አላነሳም። ተነሥቶ ፎቶውን ከግድግዳው ነቀለ። «እኔ'ኮ ፊደል መሆኑን ረስቼ ነው፤ ሥዕል ነው የመሰለኝ» አለ። እሷም ሳታስበው ስልክ ቁጥሯን ሰጠችው፤ ከዛሬ ጀምሮ የቻይና ፊደል የሚል ሰው ሲመጣብህ መርፌውን ከማንሳትህ በፊት ላክልኝ አለችው። ከመጋረጃው እንደወጣች ቆጫት። የምታስተረጉምለት አንድ ሰው ጨመረች ማለት ነው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ለሜሳን ከመጋዘኑ ጀርባ አገኘችው። ቁርጥራጭ ብረት በተከመረበት ጥግ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳቦውን ይበላ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠችና ሳትዞር ነገረችው። ይህን ያህል ጊዜ ስትለማመደው የቆየችው ንግግር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ለሜሳ ዳቦውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ክንዱን አየ።

«እንደ ሳሙናው?»

«እንደ ሳሙናው።»

«ሱን የሚጠራኝ ይሄንን ነው?»

«ይሄንን ነው።»

«ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ነፃ ነው የሚለው ብለሽኝ ነበር።»

«ነፃ ነው የሚለውማ …» ብላ ጀምራ ተወችው።

የጭነት መኪና ወደ በሩ ሲገባ፣ ሚዛን ላይ ሲቆም፣ ሹፌሩ ሲወርድ አዩ። ከዚያ ለሜሳ ድምፁን ሳያሰማምር፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሰው ማውራት ጀመረ።

«የመጋዘን ጥበቃ ነበርኩ። ጥቅል ገመድ ጠፋ፣ የመብራት። ያን ቀን ተረኛው እኔ ነኝ። ወሰዱኝ። ምስክር የለም ተብሎ ቀጠሮ፣ ዳኛ የለም ተብሎ ቀጠሮ፣ መዝገቡ አልቀረበም ተብሎ ቀጠሮ። አራት ዓመት ከሦስት ወር። በመጨረሻ ዳኛው ከወረቀት ላይ አንድ መስመር አነበቡ፤ ተከሳሹ በነፃ ይሰናበት። በነፃ! ያኔም ገርሞኝ ነበር። አራት ዓመት ከፍዬ በነፃ ተሰናበትኩ።»

ማህሌት መሬት መሬት ታያለች።

«ስገባ ልጄ ልዕልት ዓመቷ ነበር። ስወጣ አምስት ዓመቷ ሆኖ በሩን ከፈተችልኝና ጋሼ ማንን ፈልገው ነው አለችኝ። ሥራ ስጠይቅ ሁሉም እስከ ዛሬ የት ነበርክ ይላል። ወረቀቱን ሳሳይ አንብበው ሲጨርሱም ዓይናቸው ኪሴ ላይ ነው። እነዚህ ቻይናዎች ብቻ ናቸው ያልጠየቁኝ። ጓንት ሰጡኝና ግባ አሉኝ። እኔ ደግሞ …» ክንዱን አነሣው። «በነሱ ፊደል ያስጻፍኩት እነሱ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ጥፋት የሌለበት ሰው ነው የቀጠርነው እንዲሉ። ለሌላውማ አማርኛ መቼ ጠፋኝ።»

ተነሣ፤ ዳቦውን በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ የቱታውን እጅጌ እስከ አንጓው አወረደና ቆለፈው።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አላናገራትም። እጅጌውንም አልጠቀለለም። እዚያ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ሙቀቱን በሸሚዝ እንኳ አይችለውም፤ እሱ ግን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ይውላል። ሱን «ሚየንፌይ!» ሲል ይዞራል፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አይነበብም። ማህሌት ከሩቅ ታየዋለች። ምነው ባልነገርኩት ስትል ትውልና፣ ምነው ቀድሜ በነገርኩት ስትል ታመሻለች።

በእነዚያ ቀናት ነው ወደ ሊን የሄደችው። ሊን የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አገራቸውን ካዩ ሦስት ዓመት የሞላቸው ቻይናዊ ሽማግሌ። በሰው የማይስቁ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው የመረጠቻቸው። «ሼፉ» ብላ ትጠራቸዋለች፤ ቻይናዎች ዕድሜና ሙያ ያለውን ሰው እንደዚያ ነው የሚሉት። የተፈታ ሞተር ላይ አጎንብሰው አገኘቻቸውና የለሜሳን ነገር ከፍርድ ቤቱ ጀምራ አጫወተቻቸው።

ሊን መነጽራቸውን ጠርገው ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ።

«ልጁ ምን እንዲባል ነበር የፈለገው?»

«ጥፋት የሌለበት። ነፃ የወጣ።»

በጣታቸው የሞተሩ ክዳን ላይ ባለው አቧራ ጻፉ። «ይሄ ነፃነት ነው። ተማሪም ባለ ባንዲራም የሚጽፈው ነው፤ ሰፊ ቃል ነው፣ የሱ አይደለም። ይሄኛው ደግሞ የጠራና ነጭ ማለት ነው፤ እድፍ የሌለበት። ይሄ ይቀርበዋል። ግን …» ወደ ፎቶው ተመለሱ። «የተጻፈውን ሁሉ ለምን ይጠላዋል? የመጀመሪያው ፊደል ብቻውን ክፉ ቃል አይደለም። ድሮ ሰው ከሞት፣ ከመከራ፣ ከቅጣት ሲያመልጥ በዚህ ነበር የሚጻፈው። ተረፈ ማለት ነው። ያበላሸው ሁለተኛው ነው፤ ወጪ፣ ክፍያ የሚለው። ክፍያውን ያንሱለት።»

ማህሌት አመሰገነቻቸው። ሊን አቧራውን በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ሞተራቸው ተመለሱ።

ይህን ለለሜሳ የምትነግርበት አጋጣሚ ሳታገኝ ሐሙስ ደረሰ። ምሳ ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው በአንድ ወገን፣ ቻይናዎቹ በሌላው ወገን ተቀምጠው ይበላሉ። ሱን የሻይ ፔርሙሱ ባዶ ሆኖበት አንገቱን አስግጎ ተጣራ።

«ሚየንፌይ! ሙቅ ውኃ!»

ለሜሳ ተነሣ። ውኃ ወዳለበት ግን አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሱን ጠረጴዛ መጣ። እጅጌውን ፈትቶ እስከ ክርኑ ጠቀለለና ክንዱን ከሳህኖቹ መሀል አሳረፈው።

«ማህሌት» ሲል ጠራት። «ነይማ እዚህ።»

መጣች።

«አሁን የምለውን እንዳለ ንገሪልኝ። ሳታለሰልሺ።»

ደነገጠች። «አለሰልሳለሁ እንዴ?»

«ሁላችንም እናውቃለን» አለ ለሜሳ። «እስከ ዛሬ ተስማምቶን ነው ዝም ያልነው።»

ከዚያ ተናገረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይልና ይጠብቃታል፤ ትላለች፤ ሌላ ይላል። ገመዱን፣ አራት ዓመት ከሦስት ወሩን፣ ጋሼ ያለችውን ልጁን፣ ሥራ ያሳጣውን ጥያቄ ሁሉ አነሣ። «ሳትጠይቁ ስለቀጠራችሁኝ አክብሬ በእናንተ ፊደል አስጻፍኩ፤ የጻፈው ሰው ተሳሳተ፤ እናንተ ግን የምታነቡ ነበራችሁ» አለ። ማህሌት አንድም ቃል አልቀነሰችም፣ አንድም አልጨመረችም። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አስተርጉማ አታውቅም።

ሱን መጀመሪያ ላይ ፈገግታው አልጠፋም ነበር። ልጅቷ ላይ ሲደርሱ የመብያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። ከጎኑ ካሉት አንዱ ሩዙን መብላቱን ቀጠለ፤ ሌላው ስልኩን ማየት ጀመረ።

«እኔ ምን አውቄ» አለ ሱን። «ቀልድ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ፣ ቀልድ ነው ብሏል» አለች ማህሌት።

«ስሜ ለሜሳ ነው በይው።»

አለችው። ሱን «ሌ … ሜይ …» ብሎ ተንተባተበ። ከጥጉ ሊን ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ «ለሜሳ» አሉ፣ አጥርተው። ሱን ቀላ። ወደ ማህሌት ዞሮ በችኮላ የሆነ ነገር ወረወረላት። እሷ ግን አላስተረጎመችውም።

«ምን አለ?» አለ ለሜሳ።

ለማለስለስ የሚሆን ቃል አንድ ሁለት ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችው።

«ምን ትፈርዱብኛላችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን አንቺም ስቀሻል አለኝ።»

«ስቀሽ ነበር?»

«ፈገግ ብያለሁ።»

ለሜሳ አየት አደረጋት፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነው የነበረው። ራሱን ነቀነቀና ክንዱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። እጅጌውን እንደጠቀለለ ወደ መስመሩ ተመለሰ።

ቅዳሜ ማህሌት ከአስተዳደር ደብዳቤ ደረሳት። ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዱከም መንገድ ላይ ወዳለው መጋዘን ተዛውራለች ይላል። የሐሙሱን ነገር ያነሣ ማንም የለም። ሱን ለሜሳን በስሙ መጥራት ጀምሯል፣ እየተኮላተፈ። ሌሎቹ ፊት ለፊት አይሉትም እንጂ ከጀርባው አሁንም ሚየንፌይ ይሉታል፤ ማህሌት ሰምታለች።

የሊንን ቃልና የመዛወሯን ነገር ለለሜሳ በስልክ ጽፋ ላከችለት። አይመልስልኝም ብላ ነበር፤ ደወለ።

«ተረፈ ነው ያልሽው?»

«ተረፈ።»

«እሱ ይሻላል። እሑድ ትመጫለሽ? አንቺ ሳታዪው መርፌ አላስነካም።»

እሑድ ከሰዓት አብርሽ ዘንድ ተገናኙ። አብርሽ ለሜሳን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ አንገቱን ደፋ።

«ጋሽ ለሜሳ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ በነፃ ነው የምሠራልህ» ካለ በኋላ የተናገረው ገብቶት ከንፈሩን ነከሰ።

ለሜሳ ሳቀ። ማህሌት ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው፤ ሳቁ ሻካራ ነው፣ ብዙ ያልተሠራበት። «እንደ ሳሙናው ነው ወይስ እንደ ፍርድ ቤቱ?» አለ።

ሁለተኛው ፊደል ላይ ምን እንደሚሠራ ተነጋገሩ። አብርሽ አበባ፣ ክንፍ፣ ሰንሰለት የበጠሰ እጅ አሳየው። ለሜሳ ሁሉንም በእጁ ገፋቸው።

«ምንም አታድርግበት። በጥቁር ሙላው።»

«ጥቁር ሰሌዳ ነው የሚመስለው'ኮ።»

«ይምሰል። እስር ቤት ካለፈው ዓመትም ስንቱ ለእኔ እንዲሁ ጥቁር ነው።»

ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ማህሌት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አየች። አብርሽ የመጀመሪያውን ፊደል ጠርዝ ሊያደምቅ ሲጠጋ «ነጥብ የለም!» ብሎ ራሱ ቀድሟት ጮኸ። የሹፌሩን ነገር ጠየቀችው። ከሞያሌ እንደተመለሰ፣ ተቆጥቶ ሊመጣ ሲል ልጆቹ ጥንቸሉን ወደውት አታጥፋው ብለው እንዳለቀሱበት ነገራት።

መርፌው ሲበረታ ለሜሳ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ አይናገርም። ሲያልቅ ክንዱን ወደ መስኮቱ አዞረው። ከላይ አንድ ፊደል፣ ከሥሩ ጥቁር አራት ማዕዘን። የሚያምር ነገር አይደለም። አብርሽም አላማረልኝም ብሎ አዝኗል። ለሜሳ ግን ወረቀት ጠቅልሎበት ሸሚዙን ለበሰ።

ወጥተው እስከ ዋናው መንገድ አብረው ሄዱ። ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ታክሲ ወረፋ ረጅም ነበር። ሰልፉ ውስጥ ቆሙ፤ እሷ ግን የምትሳፈርበት ጉዳይ አልነበራትም።

«ያን ቀን ፈገግ ያልኩት …» አለች።

«ተይው።»

«አይ፣ ልንገርህ። ደክሞኝ ነበር። ምክንያት ይሁነኝ ብዬ አይደለም። ግን በጣም ደክሞኝ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ለሜሳ አንድ እርምጃ ተራመደ። «እኔም ስጠራ አቤት ስል የነበረው ደክሞኝ ነው መሰለኝ» አለ። «ያን ሁሉ ሳቅ ደስታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የደከመው ነው።»

ታክሲው መጣ፤ ረዳቱ «ቃሊቲ፣ አቃቂ!» እያለ በሩን ከፈተ። ለሜሳ የተነቀሰውን ክንዱን ከግፊያው ከለል አድርጎ ገባና በመስኮት በኩል «ዱከም መንገድ ጠዋት ጠዋት ይዘጋጋል፤ ቀደም በዪ» አላት።

ማህሌት ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። እናቷ ሰውየውስ ምን አደረገ ብለው ጠየቋት። ተረፈ አለች፤ የቀረውን በኋላ አጫውትሻለሁ አለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም ባለችበት እንቅልፍ ወሰዳት፤ ወይዘሮ ብዙወርቅ ነጠላቸውን አልብሰዋት የራዲዮኑን ድምፅ ቀነሱ።